ባለ ሁለት በሯ መኪና

አሮጌ መኪናቸውን «ቆዩ ብቻ፣ ነገ ቅርስ ትሆናለች» የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ጎረቤታችንን ጋሽ ተፈራን አውቃለሁ። ባለ ሁለት በሯን መኪናቸውን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲወርድ ጋቢና ያለው አስቀድሞ ወርዶ ወንበሩን ማጠፍ አለበት። ታዲያ ይህ ምኑ ቅርስ ነው?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ተፈራ ከኋላ ጫኑኝ። ጋቢና አንድ አረጋዊ ቄስ ተቀምጠዋል። መስኮቱን ጉም ሸፍኖት መኪናዋ በደመና ላይ የምትንሳፈፍ መሰለኝ። መሥሪያ ቤቴ ደረስን፤ አለፍነውም። ቄስን ያህል ሰው «ይነሱልኝ» ይባላል? እዚያው እየተንሳፈፍኩ ብቀር ደስታዬ ነበር። ግን በመጀመሪያው ቀን የቀረችን ሠራተኛ ማን ያቆያታል?

«አባ፣ መውረጃዬን አለፍነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«አፍሽን ማን ሰፋው? ተፈራ፣ መልሳት እንጂ!»

ተመለስን። ቄሱ ወርደው ወንበሩን አጠፉና በጉሙ መሐል በሩን ይዘው ቆሙልኝ። «ነይ ልጄ፣ አይርፈድብሽ።»

በሰዓቱ ገባሁ። ስለ ሞተሯ አላውቅም። ግን በእኛ አገር ሽማግሌ ለልጅ ብድግ የሚልባት ሌላ መኪና ካያችሁ፣ እባካችሁ ባለቤቷን እንዳይሸጣት ለምኑልኝ።