የሌሊት ወፍ ጡት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሌሊት ወፍ እንቁላል አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም፤ ስለሌለ ነው። ታዲያ «ወፍ» ብሎ የጠራት ማን ነው? እኛው ነን። አንዴ ስም ካወጣን በኋላ ዓይናችን ካየው ይልቅ ስሙ የሚለውን ማመን ይቀናናል። እሷ ግን የእኛን ስብሰባ አትጠብቅም፤ ልጇን እያጠባች ተንጠልጥላ ትውላለች።

ይህን በልጅነቴ ሞጣ ላይ አውቄዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ጣሪያ ስር አንዷ ስታጠባ አየሁና ክፍል ገብቼ ተናገርኩ። መምህሩ «ውሸታም» ብለው አንበረከኩኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሙሉቀን ደግሞ «የወፍ አዋላጅ» የሚል ስም አወጣልኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርስ ጀመር። ዓባይን ተሻግሬ ድሬዳዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ሳረጅ፣ ያገላበጥኩት መጽሐፍ ሁሉ ያየሁትን መሰከረልኝ። ምን ያደርጋል፣ ሞጣ ያሉት አያነቡት!

አርጅቼ ስመለስ ያረፍኩት ቢቸና፣ የወንድሜ ልጅ የሻረግ ዘንድ ነው። የሻረግ ለልጆች ስለ ተፈጥሮ የሥዕል መጽሐፍ ትሠራለች። ያላየችውን አትስልም። ለሌሊት ወፏ ሥዕል ስትል ሞጣ ድረስ በአውቶቡስ እየተመላለሰች፣ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ አንገቷ እስኪጣመም ሽቅብ ስታይ ከርማለች። ክንፉን ሥላ አጠገቡ የሕፃን እጅ ሣለች፤ አውራ ጣት ለአውራ ጣት፣ ጣት ለጣት። ክንፍ የምንለው ለካ ቆዳ የተወጠረበት እጅ ነው! ስንት ወፍራም መጽሐፍ የጨረስኩ ሴትዮ፣ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ የራሴን እጅ ዘርግቼ አየሁ። በሚቀጥለው ገጽ እናቲቱ በብብቷ በኩል ልጇን ታጠባለች።

ጣጣው የመጣው በዚያ ገጽ ነው። መጽሐፉ ለሞጣው ትምህርት ቤት ከመሰጠቱ በፊት የወላጆች ኮሚቴ ሊያየው ግድ ሆነ፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙሉቀን! ዛሬ መሪጌታ ሙሉቀን ናቸው።

«ልጄ፣ ሥዕሉስ ግሩም ነው፤ ጡቱን ብቻ አጥፊው» አሏት። «ኦሪት ከወፎች ጋር ነው የቆጠራት።»

«መሪጌታ፣ ኦሪት ያለው አትብሏት ነው። እኔም አልበላኋት፤ ሣልኳት እንጂ።»

ተሳቀ። ኮሚቴው ግን አልላላም፤ ወይ ጡቱ ይጠፋል፣ ወይ መጽሐፉ ይመለሳል። የሻረግ መጽሐፏን አቅፋ ብድግ አለች።

«ለልጆች አልዋሽም። ዕቃ ቤቱ ያውና! አንድ እንቁላል አምጡልኝ፤ እዚሁ ፊታችሁ አጠፋዋለሁ።»

መሰላል መጣ። አንድ የኮሚቴ አባል ጣሪያው ስር ገብቶ ሲያስል ቆየና ኩስና የሸረሪት ድር ለብሶ ወረደ።

«እንቁላልስ የለም» አለ። «ግን አንዲቱ ልጇን አቅፋለች።»

«አቅፋ ምን ታደርጋለች?» አሉ መሪጌታ።

ሰውየው አፈረ። «ያው... እንደ ሥዕሉ ነው።»

መጽሐፉን ጡቱ እንዳለ ተቀበሉት። የሻረግ ገጹን ስትገልጥላቸው መሪጌታም ጣቶቻቸውን ዘርግተው ከክንፉ ጋር ሲያስተያዩ አየሁ። የእኔ ልጅ፣ ሽማግሌን ጣቱን ታስቆጥራለች! ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ መጡ።

«የወፍ አዋላጅ፣ ለካ እውነትሽን ኖሯል። በይ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይኝ።»

«ይበሉ እንጂ አክስቴ» አለች የሻረግ። «መምህሩም እኮ ሞተዋል።»

እሷን ግንባሯን ስሜ መረቅኋት። ወደ እሱ ዞርኩ።

«አልልም፣ ሙሉቀን። ለአንተም፣ ለመምህሩም፣ ለሳቀው ክፍል ሁሉም አልልም።»