ጋሽ ቆጣሪና የጉርጦቹ ካርድ

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ፣ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ታድሎታል። አንዱ ሰፈር ዝናብ የሚተነብይ ይደርሰዋል፤ ሌላው የጎረቤቱን ሁሉ ደም ግፊት በዓይኑ የሚለካ። ለእኛ የደረሰን የጉርጥ ሊቅ ነው።

ክቡር ጋሽ ቆጣሪ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቆጣሪ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቀበረ ሳጥን ነው። ሳጥኑ እርጥብና ጨለማ ስለሆነ፣ ክዳኑ ሲነሳ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ከአሥሩ በአራቱ ውስጥ “ባለቤት” አለች። ባለቤት የሚሏት ጉርጥን ነው። ጡረታ ሲወጡ ቆጣሪዎቹን የሚያነብ ሌላ ሰው ተተካ። ጉርጦቹን የሚያነብ ግን አልተመደበም። ስለዚህ እሳቸው ቀጠሉ።

ጠዋት ጠዋት ክዳን ማንሻ ብረታቸውን ይዘው የየግቢውን በር ያንኳኳሉ። “ንባብ” ይላሉ፤ ሌላ ሰላምታ የለም። ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ የአበባ ማሰሮ ያዘነብላሉ፣ ከተደፋ ባልዲ ሥር በእጅ ባትሪ ያያሉ። ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ክዳኑ ሥር በተቀመጠው ካርድ ላይ ይጽፋሉ፦ “ጉርጥ፣ ሁለት። እንቁራሪት፣ የለም። የውሻ ውሃ፣ መሬት ላይ።” የመጨረሻዋን የሚጽፏት እንደ ክስ ነው፤ ጉርጥ ሌሊት የውሻ ሳህን ውስጥ ትዘፈዘፋለችና። አንዴ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ በንባቡ ያልተስማማ ሰው ይግባኝ የሚለው በየትኛው መስኮት እንደሆነ ጠየቃቸው። ካርዱ ላይ “የቤቱ ሰው ይቀልዳል” ብለው ጽፈው ወጡ።

ጉርጥ አይገድሉም። እጃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ያነሷታል፣ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጧታል፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ገደል ይሸኟታል። “ይቅርታ እመቤቴ፣ አድራሻ ተቀይሯል” ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ወደ እናቴ ቤት በተመለስኩበት ሳምንት፣ በበረንዳው አምፖል ሥር አንዲት ፍጥረት ተቀምጣ አገኘሁ። ዓይኗ የተቀጠቀጠ ወርቅ ነው። ለእሷ ስል አምፖሉን ሳላጠፋ አደርኩ፤ ውሃም በሳህን አቀረብኩላት። በማግስቱ ጋሽ ቆጣሪ ሳህኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እንቁራሪት ናት፣ ደግሞም ቆንጆ ናት አልኳቸው።

“እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ እግሯም ረጅም፣ ትዘላለች” አሉኝ፣ ለሺህኛ ጊዜ እንደሚናገር ሰው። “ይህቺ ደረቅና ኪንታሮታም ናት፤ ትንፏቀቃለች። ከዓይኗ ኋላ ያለውን እብጠት አየሽው? መርዙ እዚያ ነው። አምፖሉን አጥፊው ልጄ። ነፍሳት መብራት ይወዳሉ፣ እሷ ነፍሳት ትወዳለች፣ ዱባ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይወዳል።”

ዱባ የእናቴ ቡችላ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አልጋዬ ላይ ይተኛ የነበረው እሱ ነው። እናቴም ከእኔ ይልቅ እሱ ምክር ይሰማል ትላለች። አምፖሉን አላጠፋሁም። ሰውየው ውበት የሚያይ ዓይን የላቸውም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና መሸትሸት ሲል፣ ዱባ ከበረንዳው ሥር እየተንገዳገደ ወጣ። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ፊቱን ከመሬት ጋር ይፈትጋል። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አቀፈችው፤ “የእናቱ ልጅ፣ የእናቱ ልጅ” ትለዋለች። እኔ በጉሮሮው ውሃ ላንቆረቁር ጆግ አነሳሁ። አንድ እጅ ከኋላዬ ያዘኝ። ጋሽ ቆጣሪ “ንባብ” ሳይሉ የገቡት ያን ቀን ብቻ ነው።

“እንዳይውጠው። አፉ ወደ ታች” አሉ።

የቡችላውን ጭንቅላት ዘንበል አድርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ድዱንና ምላሱን ጠረጉት፤ ጨርቁን አጥበው እንደገና ጠረጉት። ከዚያ ውሃውን በአፉ ጎን አስገብተው ወደ ውጭ እንዲፈስ አደረጉ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ደጋገሙ። ወዲያው በኮታቸው ጠቅልለው እኔን ከፊት እያስሮጡ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰዱት።

ሐኪሟ መርፌውን ወግታ፣ ልቡን አዳምጣ፣ ይተርፋል አለች። ከዚያ ቀና ብላ አፉን ያጠበው ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሕክምናው ግማሹ እዚያው አልቆ ነበርና። እናቴ በጣቷ ጠቆመች። ሐኪሟ ይህን የት እንደተማሩ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ቆጣሪ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቁ። ኮታቸውን ሲያራግፉ ቆዩ።

“ነግሬሽ ነበር” ይሉኛል ብዬ መንገዱን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። አላሉኝም። ቤት ስንደርስ አምፖሉን ራሳቸው አጠፉ፤ ካርዱ ላይ “መብራት፣ ጠፍቷል” ብለው ጻፉ።

ባለፈው ወር ለዓይን ቀዶ ሕክምና ልጃቸው ዘንድ አሥር ቀን ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትተውት የሄዱትን ክዳን ማንሻ ብረት ይዤ በየግቢው ስዞር ራሴን አገኘሁት። ካርዶቹ ላይ ክፍት ቦታ ሲያዩ የሚሆኑትን አውቃለሁ። “ንባብ” አልኩ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ። አልሳቀም፤ የውሻውን ሳህን ከመሬት አነሳ።

እኛ ግቢ ሳጥኑ ውስጥ ያቺ ባለወርቅ ዓይን፣ ወይም እህቷ፣ ተቀምጣለች። ሸኘኋትና ጻፍኩ፦ “ጉርጥ፣ አንድ። ቆንጆ።”

ጋሽ ቆጣሪ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ተመለሱ፤ በቀረው ዓይን የሰፈሩን ካርድ ሁሉ አነበቡ። የእኛ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶ አውጥተው የመጨረሻዋን ቃል ሰረዟት። “ይሄ ንባብ ውስጥ አይገባም ልጄ” አሉኝ።

በማግስቱ ስነሳ መጥተው ሄደዋል። ክዳኑን አነሳሁ። “ጉርጥ፣ አንድ። የውሻ ውሃ፣ ተነስቷል” ይላል ካርዱ። ከሥሩ፣ አለቃ እንዳያይበት በሚፈራ ሰው ደቃቅ ጽሕፈት፣ “ቆንጆ” ተብሏል።