ሎሚ የመጨረሻ እንግዳ ነው

በየሰፈሩ፣ ከእሱ በቀር ሻይ ማፍላት የሚችል ፍጡር ገና ያልተወለደ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ። የለም የምትሉ ከሆነ፣ ምናልባት ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

እኛ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያሉን፣ የናናና የሎሚ ሻይ የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ አይናዲስ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ከቧንቧው ሥር፣ የሚንጠባጠበው ውሃ በሚያርሰው ጥግ፣ ናና ተክለዋል። ያንን ናና የረገጠ ዶሮ እስከ በዓል እንኳ አይቆይም።

የእትዬ ሕግ አጭር ነው። ናናው ቢላ አይነካውም፤ በሁለት መዳፍ መካከል ጠፍ ጠፍ ይደረግና ሽታው ይነቃል። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ሲወርድ ናናው ይገባል፣ ብራዱ ይከደናል። ማር ካለ ማር፣ ከሌለ ስኳር። ሎሚው ግን ብራዱ ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ ሰው ሊጠጣ ሲል፣ ያለ ልጣጭና ያለ ፍሬ፣ ብርጭቆው ላይ ይጨመቃል። "ሎሚ የመጨረሻ እንግዳ ነው!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። "ቀድሞ ከመጣ ቤት ይበጠብጣል። ልጣጩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቆየማ ሬት ነው፣ ሬት!"

ግቢያቸው የገባሁ ሰሞን ጉንፋን ያዘኝና ናናውን ከውሃው ጋር አንድ ላይ ጥጄ አንተከተክሁት። ሽታው ግቢውን አቋርጦ ደረሳቸው። ሳያንኳኩ ገቡ። ብራዱን ከፍተው አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ብራዱን አዩ።

"አንተ ልጅ፣ እናት አለህ?"

"አለችኝ፣ ጉንደ ወይን ናት።"

"እሷስ ይኼን ብታይ ምን ትል?"

ያፈላሁትን ደጅ ደፉትና የራሳቸውን አምጥተው፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ አጠጡኝ። ጉንፋኑ በማግስቱ ለቀቀኝ። በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀኝ ብዬ ለመናገር እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም።

የሎሚ ነጋዴው አብዱልዋሂድ ደግሞ የራሱ መከራ አለበት። እትዬ ሎሚ የሚገዙት ቆዳውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው፣ አሽትተው፣ አልጣማቸው ሲል ወደሚቀጥለው እያለፉ ነው። እሳቸው ሲሄዱ መደቡ ላይ ጠባሳ የሌለበት ሎሚ አይቀርም። "እትዬ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ እኔው ልምረጥልዎ" ይላቸዋል። "አንተ ነጋዴ ነህ እንጂ የሎሚ ሰው አይደለህም" ይሉታል። አሁን አሁን ከሩቅ ሲያያቸው ሎሚውን ሸራ ያለብስና፣ ለእሳቸው የለየውን ብቻ ከሥር ያወጣል።

ቁይ ከተማ ለዘመድ ክርስትና ሲሄዱማ ናናውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሄዱት። የቤቱ እመቤት ሻይ ልታቀርብ ስትነሣ "የኔ እህት፣ አንቺ አረፍ በይ" ብለው ብራዱን ከእጇ ተቀብለው ጓዳ ገቡ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ እንደተቀየመች ነው። እትዬ ግን "ተመስገን፣ ልጁም ሻዩም በደህና ወጡ" እያሉ ነው የሚተርኩት።

እንግዲህ እኔ የእኚህን ሴትዮ ልጅ ወደድኩ። የኔአለም ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እሷ ናናውን ውሃ ስታጠጣ፣ እኔም ያልጎደለ ባልዲዬን ይዤ ቧንቧው ጋ ስመላለስ፣ ተስማማን። የቀሩት አባቷ ነበሩ። አቶ አለበል ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ዛሬ የተጠየቁትን ዛሬ እሺ ማለት ውርደት ይመስላቸዋል። ታላቋን ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች "መስከረም ይጥባ"፣ "ጥምቀት ይለፍ"፣ "ዘመድ ላማክር" እያሉ ሲያመላልሱ፣ ጠያቂው ልጅ ሰለቸውና አማኑኤል ከተማ ሄዶ ሌላ አገባ። ልጅቱ ስታለቅስ የሰነበተችው ከእኔ ክፍል ጎን ነበር፤ ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ባለፈው የዳግማ ትንሣኤ ዕለት መሪጌታ ዘማርያምንና ሁለት ሽማግሌዎችን የላክሁት እየፈራሁ ነበር።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም። እኔም ክፍሌ ሆኜ ጆሮዬን ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ለጠፍኩ። የጭቃ ግድግዳ ምስጢር አይቋጥርም።

መሪጌታ ባርከው፣ አሳምረው ጠየቁ። አቶ አለበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁንስ እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው። ግን ዘመድ ላማክር። መስከረም ይጥባና..."

እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ የብርጭቆ መንኳኳት ሰማሁ። እትዬ አይናዲስ ትሪ ይዘው ገብተዋል።

"ሻይ ቀርቧል።"

"እናታችን፣ ወጉን ያውቁታል" አሉ መሪጌታ። "ቃል ሳንይዝ እህል ውሃ አንቀምስም።"

"እኔስ አውቃለሁ፤ ሻዩ ነው የማያውቀው። ሎሚው ገብቶበታል፤ አሁኑኑ ካልተጠጣ ይመራል።"

"እንግዲያውስ ይቅር" አሉ አቶ አለበል።

"ይቅር?" የእትዬ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ነዘረኝ። "ከዚህ ቤት እንግዳ አፉን ሳያረጥብ ወጥቶ ያውቃል? የመረረስ ሻይ ቀርቦ ያውቃል? አገር ምን ይለናል? አቶ አለበል፣ ሎሚ ዘመድ እስኪመከር አይጠብቅም! ወይ አልሰጥም በሉና እንግዶቹን ሸኙ፣ ወይ ሰጥቻለሁ በሉና ሻዩ ይጠጣ!"

አቶ አለበል በረጅሙ ተነፈሱ።

"በሉ እሺ። ሰጥቻለሁ። ጠጡ።"

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ጠጡ፤ አንዱን ሳል አጣደፈው። "እንዴት ያለ ሻይ ነው!" አሉ መሪጌታ በታነቀ ድምፅ። አቶ አለበልም ቀመሱት። "ይቅር በሉኝ፣ እኔ ነኝ በወሬ ያስመረርኩት" አሉ። እስከ ዛሬም የሚያምኑት ይህንኑ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንዳታሳዩአቸው አደራ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ እትዬ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡ፤ በአንድ እጃቸው ብራድ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዘዋል። "በል ቅመስ፣ የተረፈ ነው።"

ቀመስኩ። ሬት ነው። እንዲህ ያለ መራራ ነገር በጥቂት ደቂቃ አይሠራም። የብራዱን ክዳን አነሣሁ። የሎሚ ልጣጭ ከነፍሬው፣ ከናናው ጋር ተቆላልፎ፣ አብጦ ተኝቷል። ሽማግሌዎቹ ደጁን ሳይረግጡ የተዘፈዘፈ ነው።

"እትዬ፣ ሎሚ የመጨረሻ እንግዳ አልነበረም እንዴ?"

ታላቋ ልጃቸው ስታለቅስ ወደሰነበተችበት ክፍል ለአፍታ ዞር ብለው አዩ። "የአንዷ ይበቃል" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ዝም ብለህ ጠጣ።"

እኚህ ሴት በአገሩ ሁሉ የተመኩበትን ሙያ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በገዛ እጃቸው አበላሹት፤ ለልጃቸውና ለእኔ ሲሉ። ያን ቀን የወደድኳቸውን ያህል ሰው ወድጄ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሲያቀር በሻዩ አመካኘሁ።

ብርጭቆዬን እስከ ዝቃጩ ጨለጥኩና መልሼ ዘረጋሁላቸው።

"ይጨመርልኝ" አልኩ።