ሊቀ ዘንግ ታፈረ

መኪና የገባበት አገር ሁሉ አንድ አስቸጋሪ ሹፌር አያጣም፤ ሰው ተሳፍሮ፣ ስንቁን አደላድሎ፣ አማትቦ ሲያበቃ «ሰው ይውረድ!» የሚል። የእኛ የእስቴዎቹ ክቡር ሊቀ ዘንግ ታፈረ ነበሩ። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛው ነን፣ ለማላገጥ።

ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር የምትመላለሰውን አሮጌ ካሚዮን ይነዳሉ። ወለሉ ትንሽ ካንቀጠቀጣቸው አለቀልን። ሁላችንንም አውርደው፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥተው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ይገባሉ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ሄዶ ጎማውን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ አጠገብ ጠመኔ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ይይዙና ጎማውን በሰው ያስዞራሉ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ ጠመኔው ዙሪያውን እኩል ይነካዋል፤ ከጎበጠ አንድ ጎኑን ብቻ ይጭረዋል። «ጠመኔ አያዳላም» ይላሉ አቧራቸውን እያራገፉ።

«ኧረ ልጄ፣ ቅቤዬ ቀለጠ እኮ!» ይጮሃሉ ነጋዴዋ እሜቴ ፈትለወርቅ። እኛም ፀሐይ ላይ ተደርድረን እንራገማለን።

አንድ ቀን ጋቢና የተቀመጡት ቀኛዝማች መንግስቴ ነበሩ። በአገራችን ባላባት ከተቀመጠበት አይነሣም፤ እሱ ሳይወርድ ደግሞ ማንም አይወርድም።

«ጌታዬ፣ ይውረዱ፤ ወለሉ አንቀጠቀጠኝ፣ ዘንጉ ሳይጎብጥ አልቀረም» አሉ ታፈረ።

«እኔ? ለብረት ብዬ?»

ታፈረ ሞተሩን አጥፍተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። በማግስቱ በቀኛዝማች ስም ለመኪናው ባለቤት ማመልከቻ ተጻፈና የስድስት ልጆች አባት ታፈረ ከሥራ ተባረሩ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። «ደፋር፣ ሥርዓት የለሽ» የሚለውን የጨመርኩት ማንም ሳያዘኝ ነው። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

አዲሱ ሹፌር ጨዋ ነበር፤ ማንንም አያስወርድም። ወለሉ ሲርገበገብ «መንገዱ ነው» ይለናል፣ እኛም መንገዱን እንወቅሳለን። በሦስተኛው ሳምንት ቁልቁለት ላይ ዘንጉ ተሰብሮ መሬት ወጋና ተገለበጥን። እሜቴ ፈትለወርቅ እዚያው ቀሩ። የእኔ እግር ተሰበረ። ቀኛዝማች ያን ቀን በበቅሎ ነበር የሄዱት።

ታፈረ ሊጠይቁኝ መጡ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «መንቀጥቀጡ ከመሐል ነበር ወይስ ከኋላ?» አሉኝ።

«ከመሐል፣ ከዘንጉ በኩል።»

ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ ታፈረ፣ ያንን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝና የተሰበረውን እግሬን ቀስ ብለው አንሥተው ከሥሩ ትራስ አስገቡ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።