የጋሽ አምኃ ግልባጮች

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ አንዱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። የካርቱሟ ካላክላ ሰፈር ይህን ድርሻዋን ያገኘችው በክቡር ጋሽ አምኃ ነው፤ ድሮ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ዛሬ ስደተኛ፣ ምንጊዜም አመልካች። መብራት ሲጠፋ ያመለክታሉ፤ ሲመጣም ዘገየ ብለው ያመለክታሉ። ስለ ጎረቤት ዶሮ ጩኸት በዐረብኛ ሁለት ገጽ ቢጽፉ፣ ባለቤቱ ዶሮውን አርዶ ምሳ ጠርቷቸዋል። የሰው ጽሑፍ ካገኙ ደግሞ፣ የሠርግ ጥሪም ቢሆን ሳያርሙ አይመልሱም።

የዚህ ሁሉ መከራ ያረፈው ሻይ ሻጯ ወሰንየለሽ ላይ ነው። የጋሽ አምኃ ቢሮ የእሷ በርጩማ ነዋ። አንድ ሻይ ይዘው ሦስት ማመልከቻ ይጨርሳሉ፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያሉም ያደርቋታል። ስንት ቀን «ይቺን በርጩማ ሰብሬ በተገላገልኩ» ብላለች።

አንድ ማለዳ ፖሊስ ጣቢያው መትረየስ የተጠመደበት ፒካፕ አምጥቶ መንገዱ ዳር አቆመ። ፖሊሶቹም የወታደር ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ወጡ። ለሌባ ነው ተባለ። የሰፈሩ ሌባ የሚሰርቀው የተሰጣ ልብስ ነው። የወሰንየለሽ ልጅ ትሁት ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ አፈሙዝ ፊት ስለሆነ፣ ልጅቷ እስክትመለስ እናቲቱ እህል አይወርድላትም ነበር።

ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን ወልውለው ጻፉ፤ «ጉዳዩ፦ መትረየስ እንዲነሣልን ስለመጠየቅ።» ሱዳናውያን እናቶች፣ ረክሻ የሚሏትን ባጃጅ የሚነዱ፣ ሻይ ሻጮች ሁሉ ፈረሙ። የጣቢያው አዛዥ ወረቀቱን ቀደደው። በማግስቱ ሌላ ጻፉና ግልባጩን ለባለመትረየሱ ለሙሄዲን ይዘውለት ሄዱ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ። መቀበልህን ነው እንጂ መስማማትህን አይደለም።»

ሙሄዲን ጭምብሉን ገልጦ አነበበ። ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ፈረመ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይፈርም ጀመር፤ አንድ ቀን ቢዘገዩበት «ወረቀቴስ?» ብሎ ጠየቀ።

በዘጠነኛው ቀን አዛዡ ጋሽ አምኃን አሰራቸው።

ወሰንየለሽ ተገላገልኩ ልትል ነበር። በርጩማዋን ባዶ ስታያት ግን እሳቷን አጠፋችና፣ ጥለውት በሄዱት እስክሪብቶ የመጀመሪያ ማመልከቻዋን በአማርኛ ጻፈች። ሰፈሩም ተከተላት። አርባ ሰው አርባ ማመልከቻ ይዞ ጣቢያው በር ላይ ተሰለፈ፤ ሁሉም የመቀበያ ፊርማ ይጠይቃል። አዛዡ የሚያነበውንም የማያነበውንም እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ሲፈርም እጁ ዛለ።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ሰውዬውን ውሰዱ» አለ።

«መኪናውስ?» አለች ወሰንየለሽ።

ከኋላዋ ገና ያልተፈረመላቸው ሰዎች ወረቀታቸውን ከፍ አደረጉ። አዛዡ ሰልፉን አየ፣ እጁን አየ።

«ወደ ግቢ አስገቡት።»

ሙሄዲን ሮጦ ሞተሩን አስነሣ።

ጋሽ አምኃ ሲወጡ ወሰንየለሽን «ማመልከቻሽን አምጪ» አሏት። የተፈረመበትን ግልባጭ ሰጠቻቸው። ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፤ እያረሙ እያረሙ ታች ደረሱ። «አመልካች፦ ልጃቸው ወሰንየለሽ» ይላል። ጋሽ አምኃ ካርቱም ውስጥ አንድም ዘመድ የላቸውም። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ።

«ይሰርዙታል ጋሼ?»

«ዋናው ቅጂ ጣቢያ ቀርቷል?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ይሄ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉና አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። «በቃል ያለ ይረሳል።»