ለነገ ጸጸት የተተከለ ድንኳን

ትናንት በሕልሜ ሆስፒታል ነበርኩ። አባቴ ሆድ ውስጥ የበቀለው እጢ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለውን መወሰን ነበረብኝ። «የተማርከው አንተ ነህ፤ አንተ ያልከው ይሁን» ብሎኛል አባቴ።

በሩ ላይ ጥበቃው አንበሳ በገመድ ይዞ ቆሟል። ጠያቂዎች ጎፈሩን እየዳበሱ ይገባሉ። አንዲት ሴትዮ ከምሳ ዕቃዋ ጨው ስታወጣ ግን ሰው ሁሉ እየጮኸ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ገባ።

«አንበሳው አያስፈራችሁም?» አልኩ።

«እሱ ስንት ሰው በላ?» አለኝ ጥበቃው፣ ከወንበሩ ሥር አንገቱን አውጥቶ። «በደም ግፊት ስንቱን ቀበርን!»

ውስጥ ሐኪሞች ካርድ ይዘው እኔን ለማየት ተሰልፈዋል። ወረፋው የደረሳት ዶክተር ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና «ጌታዬ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረገው ከመቶ ዘጠናው ይድናል» አለች። ኮሪደሩ በእልልታ ቀለጠ። ከኋላዋ ያለው ሐኪም «ከመቶ አሥሩ ይሞታል» አለ። እልል ያለው ሁሉ ደረቱን መድቃት ጀመረ።

«ሁለታችሁም የተናገራችሁት አንድ ነገር አይደለም እንዴ?»

«ቀስ ይበሉ!» አለች ዶክተሯ ግራ ቀኙን እያየች። «እዚህ ሒሳብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ይሄኔ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ድንበሩ ብቅ አሉ። ጥሩምባቸውን ነፉና «ይታገሱ ዘርጋው ነገ ስለሚጸጸት፣ ለቅሶ ድረሱ!» ብለው ስሜን ለፈፉ። ግቢው ውስጥ ሁለት ድንኳን ተተክሏል። በዚያ አገር ለካ የሚለቀሰው ከመወሰን በፊት ነው።

እየፈራሁ የመጀመሪያው ውስጥ ገባሁ። ለቀዶ ሕክምናው ፈርሜ አባቴ ቢሞት የሚለቀስበት ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አክስቴ እትዬ የሺመቤት «የፈረመች እጅህ ትቆረጥ!» አለችኝ። የምቀመጥበት አጣሁ። ወጣሁ።

ሁለተኛው፣ ሳልፈርም ቀርቼ እጢው ቢገድለው የሚለቀስበት ነበር። እዚያ ፍራሽ ተነጥፎልኛል። «አይዞህ ልጄ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ?» አለችኝ ያችው አክስቴ፣ ትከሻዬን እየደባበሰች። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ራሱ አስደነገጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ንፍሮ ሲያቀብለኝ ቀና ብዬ አየሁት። አባቴ ነው።

«አባዬ፣ እዚህ ይሻላል» አልኩት።

«እዚህም እኮ ሞቻለሁ» አለኝ ንፍሮውን እያኘከ። «የተሻለው ያንተ መቀመጫ ነው።»

ብድግ ብዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ሮጥኩ። በሮጥኩ ቁጥር ኮሪደሩ ይረዝማል። ሐኪሞቹ «ወረፋችንስ!» እያሉ ልብሴን ይጎትታሉ። ጋሽ ድንበሩ ጥሩምባቸውን ጆሮዬ ላይ ሲነፉት ነቃሁ።

እውነትም ሆስፒታል ነኝ፤ ከአባቴ አልጋ አጠገብ፣ ወንበር ላይ። ነግቷል። አልጋው ባዶ ነው። ጫማው ከሥሩ አለ።

«የት ሄደ?» ብዬ ጮህኩ።

«ራሳቸው ፈርመው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ» አሉኝ ጎረቤት አልጋ ላይ የተኙት ጋሽ ሙዘይን።

«እንዴት አትቀሰቅሱኝም?»

«እንቀስቅሰው ስንላቸው፣ ‹ተዉት ይተኛ፤ ከነቃ ሲያስብ ይመሽብኛል› አሉ።»