ጅብ ያለበት ኮምፒውተር

ጓዴ ማውሱን ከሐረገ ወይን እጅ ነጠቀ።

«እንዳትከፍቺው» አለ። «ይሄ የእኔ አይደለም።»

ሐረገ ወይን እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ስክሪኑ ላይ «የኔታ ማቴዎስ» የሚል ቢጫ ፎልደር ተቀምጧል። የክረምቱ ሥራዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የኔታ ራሳቸው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ።

«ስማቸው ተጽፎበት የለም እንዴ፣ ጋሼ ጓዴ?»

«ስም ማንም ይጽፋል። መልኩን እዪው።»

ጓዴ የሌለበት ከተማ የለም። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰውየው አንድ ነው፤ እጁ አርፎ የማይቀመጥ፣ ደህናውን ነገር ካላሳመርኩ ብሎ የሚያውክ፣ የሠራውን ካላደነቁለት ምሳ የማይወርድለት። የአንዱ ከተማ ጓዴ ሬዲዮ ይፈታታል፣ የሌላው የሰው በር ይቀባል። የንፋስ መውጫው፣ ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን፣ የአይከን ሰው ነበር።

አይከን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫኗት ፕሮግራም ወይም ፎልደር የምትከፍት ትንሽ ሥዕል ነች። ሌላው ሰው እንዳገኛት ይጠቀምባታል። ጓዴ ግን ከባሕር ዳር በሲዲ ያመጣት፣ አይከን የምትቀይርና የፋይል ጠባይ የምትለውጥ ፕሮግራም ነበረችው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ቁጭ ብሎ በነጥብ በነጥብ ይሥላል። በዚህ ሁኔታ የሒሳብ ማሽኑ ቁና ሆነ። ፕሪንተሩ አህያ ሆነች፤ «ትጭናለች፣ ሲያሻት ትለግማለች» ይላል። ኢንተርኔቱ ኤሊ ነበር፤ ለዚህኛው ማብራሪያ የጠየቀ የለም። የቆሻሻ መጣያው ጅብ ነበር።

ደንበኞቹ «ሊቀ ሥዕላት» አሉት። ፌዝ መሆኑ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ወዶታል።

«መልክ ያለው ነገር አይጠፋም» ይላል፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም።

ይጠፋ ነበር እንጂ። መምህር ማሩ የሴሚስተር ፈተና ሊያስተይብ ሲመጣ፣ ጓዴ ተማሪ እንዳያይበት ብሎ ፋይሉን ደበቀለት። ፕሮግራሟ መደበቂያ የምትሆን ትንሽ ሳጥን ነበረቻት፤ እሷ ላይ ምልክት ማድረግ ከሥዕል ቀጥሎ የሚወደው ሥራ ነው። አደባበቁ ጥሩ ስለነበር ራሱም አላገኘውም። ማሩ ፈተናውን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፈ።

«ሊቀ ሥዕላት» አለው በማግስቱ መንገድ ላይ፣ «አንተን ማን ይደብቅልን?»

ጓዴ ተናደደ። በንዴቱም የተደበቀ ፋይል ማውጣት ተማረ።

ሐረገ ወይን በጓዴ ቤት ተቀጥራ የምትተይብ ልጅ ነች። ጣቷ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥቷ ግን እያለቀ ነበር። ትናንት ላባ የነበረው የመጻፊያው ፕሮግራም አይከን ዛሬ ጠዋት ማጭድ ሆኖ ይጠብቃታል። ባለፈው ዓርብ ቁርጡን ነገረችው።

«ወይ ፎልደሩን ሁሉ እንደ ሰው ቤት ቢጫ አድርግልኝ፣ ወይ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄጄ የራሴን ቤት እከፍታለሁ።»

«ሰኞ እመልሰዋለሁ» አለ ጓዴ። ሰኞም አለፈ።

የኔታ ማቴዎስ የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ለዛሬ በዓል የተቀኙትን ለነገው አያመጡትም። የእሳቸውን በቃሉ ይዞላቸው የነበረ አንድ ደቀ መዝሙር ቀድሟቸው ሞተ። ያኔ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና «ይጻፍ» አሉ። ሰኔ ላይ ጀመሩ። እሳቸው ይላሉ፣ ሐረገ ወይን ትተይባለች። አንድ ቀን «እንደገና ይበሉልኝ» ብትላቸው ተቆጧት።

«የሚደገም ዳዊት ነው። ብያለሁ።»

ቁጣው መሸፈኛ መሆኑን ቆይታ ተረዳች። ትናንት ያሏትን ቅኔ ዛሬ አያስታውሷትም። ከአፋቸው ወጥታ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባችው ቅኔ ሌላ ቦታ የለችም።

ጓዴ ለፎልደራቸው መቋሚያ ሣለላቸው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ጎበጥ አድርገሃታል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሷን ነበር፦ «አለች?»

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ጓዴ በሌለበት፣ አንድ ሰው ደብዳቤ ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ መጣ፤ ሐረገ ወይን ሰካችው። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ መቋሚያዋ የለችም። በቦታዋ ቢጫ ፎልደር።

«ሰኞ ያልከውን አደረግከው ብዬ እኮ ነው» አለች ሐረገ ወይን። «ደስም ብሎኝ ነበር።»

«እኔ? ይሄን ገርጣጣ?» ጓዴ እንደ ተሰደበ ሰው ቀላ። «ማነው ቤቴ ገብቶ እንዲህ ያደረገኝ?»

ቫይረስ መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር የሚጋባ አንድ ቫይረስ ነበር። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ቢጫ ፎልደር መስሎ ይቀመጣል፤ የከፈተው ሰው ያለውን ሁሉ ያስበላል። በየቤቱ ፎልደሩ ሁሉ ቢጫ ስለሆነ የሚለየው አልነበረም። ጓዴም ይህን አያውቅም። እሱን የከነከነው መልኩ ነው።

ፕሮግራሟን ከፍቶ የተደበቀ መፈለግ ጀመረ። ሐረገ ወይን ወደ በሩ ማየት ፈራች።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ የኔታ።

«መቋሚያዎ ተሰውራ ነው፣ የኔታ» አለ ጓዴ ሳይዞር። «እየፈለግናት ነው።»

የኔታ እጃቸውን አዩ። «እኔው ዘንድ ናት እኮ።»

የሳቀ የለም። ጓዴ ከመደበቂያዋ ሳጥን ላይ ምልክቱን አነሣ። መቋሚያዋ እንደጎበጠች ብቅ አለች። ሐረገ ወይን ከፈተቻት፤ ከሰኔ ጀምሮ የተተየበው ሁሉ አለ። ጓዴ ቢጫውን ፎልደር ጎትቶ ጅቡ ላይ ጣለው።

«አለች?» አሉ የኔታ።

«አለች፣ የኔታ።»

ጓዴ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «መልክ ያለው ነገር…» ብሎ ጀመረና የሐረገ ወይንን ፊት አይቶ ተወው። «የሰኞውን ነገር ምን እናድርገው?»

«ይቅር» አለች። «ማጭዱን ብቻ አንሣልኝ።»

መጽሐፉ ተጠርዞ ለኅዳር ጽዮን ደረሰ። የጓዴ ኮምፒውተር ቤት በኋላ ተዘጋ፤ እሱም አርብ ገበያ ከተማ ወርዶ ሞባይል መጠገን ያዘ። ሐረገ ወይን መካነ ኢየሱስ የራሷን ከፈተች። እሷ ቤት ቆሻሻ የሚጣለው ጅብ ላይ ነው።